ቮሎዲሚር ኩቢዮቪች፦ በጦርነቱ ዘመን ከናዚዎች ጋር ስለነበረው ትብብርና ስለ ስደት ሕይወቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩቢዮቪች ማን ነበር?

ቮሎዲሚር ኩቢዮቪች በሴፕቴምበር 1900 በያኔው የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት፣ ዛሬ በደቡብ ፖላንድ በምትገኘው በኖቪ ሶንች ከተማ ተወለደ። በክራኮው ከተማ በሚገኘው በያጌሎኒያን ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አጥንቶ ከ1928 ጀምሮ እዚያው አስተማረ። ልዩ ሙያው የሕዝብ አሰፋፈር ነበር፤ በየወረዳው ስንት ዩክሬናዊ፣ ስንት ፖላንዳዊና ስንት አይሁዳዊ እንደሚኖር እየቆጠረ በካርታ ላይ ያሰፍር ነበር። በ1937 በልቪቭ ያሳተመው የዩክሬንና የአጎራባች አገሮች አትላስ፣ በማግሥቱም ዓመት የወጣው የጂኦግራፊ መጽሐፍ በሙያው ሰዎች ዘንድ ስሙን ተከሉለት። ለፖላንድ መንግሥት ግን እነዚህ ካርታዎች የግዛት ጥያቄ ሆነው ታዩ፤ በ1939 ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በፊት የማስተማር ፈቃዱ ተነጠቀ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሕይወት ኖረ ለማለት ይቻላል። በመጀመሪያው፣ ከ1940 እስከ 1945፣ በጀርመን ወረራ ሥር ከነበሩት ዩክሬናውያን መካከል በጀርመን ባለሥልጣናት ዘንድ ከሁሉ የላቀ ተሰሚነት የነበረው ሲቪል መሪ ነበር። በሁለተኛው፣ እስከ ሞተበት እስከ 1985 ድረስ፣ በፈረንሳይ ተቀምጦ የዩክሬንን ታላቅ ኢንሳይክሎፔዲያ አዘጋጀ። በእኛ አመለካከት ሁለቱን ነጣጥሎ ማንበብ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱን ቀጥሎ ያሉት መልሶች ያሳያሉ።

ከስቴፓን ባንዴራ ጋር በአንድ ወገን የነበረ ሰው ነው?

አይደለም። የዩክሬን ብሔርተኞች ድርጅት በ1940 ለሁለት ሲከፈል አንደኛው ክንፍ ባንዴራን፣ ሌላኛው አንድሪይ ሜልኒክን ተከተለ። ኩቢዮቪች ቅርበቱ ለሜልኒክ ክንፍ ነበር፤ ዋና መሣሪያውም ብዕርና ማኅተም እንጂ የኅቡዕ ትግል አልነበረም። የባንዴራ ሰዎች ጁን 30 ቀን 1941 በልቪቭ የዩክሬንን ነጻነት ባወጁ ጊዜ ጀርመኖች መሪዎቹን አሰሩ፤ ባንዴራም በዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ዓመታት አሳለፈ፣ በኋላም በ1959 በሙኒክ በሶቪየት ሰላይ ተገደለ። ኩቢዮቪች ግን ጀርመኖች ያልፈቀዱትን ነጻነት አላወጀም፤ በፈቀዱለት አጥር ውስጥ ቆሞ የሚገኘውን ሁሉ ለማግኘት ሞከረ። ስለዚህም እስከ መጨረሻው ከቢሮው አልተነሣም።

ከጀርመኖች ጋር ለመሥራት ምን ገፋፋው?

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ምሥራቃዊ ጋሊሲያ፣ ማለትም ዛሬ የምዕራብ ዩክሬን ክፍል የሆነው በልቪቭ ዙሪያ ያለው አገር፣ በፖላንድ ሥር ነበረች። በዚያ የዩክሬንኛ ትምህርት ቤቶች ተመናምነው ነበር፤ በ1930 የፖላንድ ጦርና ፖሊስ በመንደሮች ላይ ያካሄዱት የቅጣት ዘመቻም ቂም ጥሎ አልፏል። በምሥራቅ በኩል በሶቪየት ዩክሬን በ1932 እና በ1933 ረኀብ ሚሊዮኖችን ፈጀ። በ1939 ስታሊንና ሂትለር ፖላንድን ሲካፈሉ ጋሊሲያ ለሶቪየቶች ደረሰች፤ እስርና ወደ ሳይቤሪያ መጋዝ ተከተለ። በ1941 የበጋ ወራት ሶቪየቶች ከልቪቭ ሲሸሹ በየእስር ቤቱ ሺዎችን ገድለው ሄዱ። ለብዙ የጋሊሲያ ዩክሬናውያን ጀርመን የሁለቱም ጠላቶቻቸው ጠላት ሆና ታየች፤ ኩቢዮቪችም በዚህ ስሌት ውስጥ ነበር።

ይህ ማብራሪያ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ስሌቱ ትልቅ ተስፋም ነበረበት፤ ጀርመን አውሮፓን በብሔር እየለየች ታደላድላለች፣ በዚያም ድልድል ውስጥ የዩክሬናውያን ድርሻ ከሌሎች ሕዝቦች ድርሻ ተቀንሶ ሊሰፋ ይችላል የሚል ተስፋ ነው። የአሰፋፈር ካርታ ሲሠራ ለኖረ ሰው ይህ ሐሳብ እንግዳ አልነበረም።

የዩክሬን ማዕከላዊ ኮሚቴ ምን ነበር?

ጀርመኖች ከፖላንድ የያዙትን መሬት በከፊል ጄኔራል ጉቨርንመንት ብለው በሃንስ ፍራንክ አስተዳዳሪነት ከክራኮው ይገዙት ነበር። ለፖላንዳውያን፣ ለዩክሬናውያንና ለአይሁዶች የተለያዩ የእርዳታ ድርጅቶች እንዲኖሩ ፈቀዱ፤ የዩክሬናውያኑ ድርሻ በ1940 የተቋቋመው ይህ ኮሚቴ ሲሆን ሰብሳቢው ኩቢዮቪች ሆነ። ኮሚቴው የፖለቲካ ሥልጣን አልነበረውም። ነገር ግን ከወራሪው ጋር በሕጋዊ መንገድ ለመነጋገር የተፈቀደለት ብቸኛው የዩክሬናውያን ድርጅት ስለ ነበር በተግባር የግማሽ መንግሥት ያህል ክብደት አገኘ። በኦገስት 1941 ጋሊሲያ ወደ ጄኔራል ጉቨርንመንት ስትቀላቀል ደግሞ ሥራው በሚሊዮኖች ወደሚቆጠር ሕዝብ ሰፋ።

የሠራው በጎ ነገር ተጨባጭ ነው፤ መካድም አይገባም። የዩክሬንኛ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፣ ተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ አገኙ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተስፋፉ፣ ለእስረኞችና ለተራቡ እርዳታ ደረሰ። በ1940 ዛሬ በምሥራቅ ፖላንድ የምትገኘው የሆልም ከተማ ካቴድራል ለኦርቶዶክስ ዩክሬናውያን እንዲመለስ ፍራንክ የወሰነውም በዚህ የግንኙነት መስመር ነው። በክራኮው የነበረው የዩክሬናውያን ማተሚያ ድርጅት መጻሕፍትና ጋዜጣ ያወጣ ነበር።

ነገር ግን ኮሚቴው የለመነው እንጀራና ትምህርት ብቻ አልነበረም። በ1941 የፀደይ ወራት ኩቢዮቪች ለፍራንክ ባቀረበው ጥያቄ በጄኔራል ጉቨርንመንት ውስጥ ፖላንዳውያንና አይሁዶች የማይኖሩበት፣ ንጹሕ የዩክሬናውያን የሆነ ክልል እንዲከለል ጠይቋል። በዚያው ዓመት በኦገስት ደግሞ ከአይሁዶች የተወረሰው ንብረት ጉልህ ድርሻ ለዩክሬን ሕዝብ እንዲሰጥ ለፍራንክ ጻፈ። የጽሑፉ ቋንቋ የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ረጋ ያለ፣ በአክብሮት የተሞላ፣ ምክንያቱን በሥርዓት የሚደረድር። የጠየቀው ግን ባለቤቶቹ በሕይወት እያሉ፣ በዚያው ሰሞን በየከተማው እየተገደሉ ሳለ ንብረታቸው እንዲከፋፈል ነው።

የአይሁዶችን መጨፍጨፍ ያውቅ ነበር?

ያውቅ ነበር፤ ለዚህም ማስረጃው የራሱ ደብዳቤ ነው። በፌብሩዋሪ 1943 ለሃንስ ፍራንክ ረጅም ማስታወሻ አቀረበ። ማስታወሻው በዩክሬናውያን ላይ የሚደርሰውን ግፍ ይዘረዝራል፦ ለጀርመን የጉልበት ሥራ ሰዎች በጎዳና፣ በባቡር ጣቢያ፣ በቤተ ክርስቲያን ሳይቀር እንደ አውሬ እየታደኑ መወሰዳቸውን፣ ያለ ፍርድ መታሰራቸውንና በጅምላ መረሸናቸውን። ሰነዱ ከጦርነቱ በኋላ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ፍርድ ሂደት ላይ በጀርመኖች ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል። እንዲህ ያለውን አቤቱታ በስሙ ፈርሞ ለፍራንክ ማስገባት ድፍረት የሚጠይቅ ነበር፤ ደጋፊዎቹ ይህን ሲያነሡ ትክክል ናቸው።

በዚያው ማስታወሻ ውስጥ ግን ሌላ ነገር አለ። በሕዝቡ መካከል የአይሁዶች ርሸና አብቅቶ አሁን ተራው የዩክሬናውያን ነው የሚል ወሬ እየተናፈሰ መሆኑን ኩቢዮቪች ለገዥው ያሳውቃል። የአይሁዶቹ መረሸን እዚያ የሚጠቀሰው እንደ ታወቀና እንዳለፈ ነገር ነው፤ የሚያሳስበው ቀጣዩ ነው። በጋሊሲያ አውራጃ ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ አይሁዶች መገደላቸውን ስናስብ፣ ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ከብዙ ክርክር ይልቅ ይናገራል። ደግሞም ማስታወሻውን ካስገባ ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው በጀርመን ሥር የሚዘምት ጦር እንዲቋቋም ድጋፉን ሰጠ።

በጋሊሲያ ዲቪዚዮን ውስጥ የነበረው ሚና ምን ነበር?

ጀርመን በስታሊንግራድ ከተሸነፈች በኋላ የሰው ኃይል አነሳት። የጋሊሲያ አውራጃ ገዥ ኦቶ ቬክተር ከአውራጃው ወጣቶች የቫፈን ኤስ ኤስ (የናዚዎቹ የኤስ ኤስ ድርጅት ተዋጊ ክንፍ) ዲቪዚዮን፣ ማለትም ክፍለ ጦር፣ እንዲቋቋም ሐሳብ ሲያቀርብ ኩቢዮቪች ዋነኛ የዩክሬናውያን አጋሩ ሆነ። ዲቪዚዮኑ በኤፕሪል 28 ቀን 1943 በልቪቭ በይፋ ታወጀ። ምልመላውን የሚያስተባብረውን ወታደራዊ ቦርድ የመራው ጀርመናዊው ኮሎኔል አልፍሬድ ቢዛንስ ቢሆንም፣ ለሕዝቡ ጥሪውን በስሙ ያስተላለፈው ኩቢዮቪች ነበር። በሜይ ወር ባወጣው ጥሪ የዩክሬን ሕዝብ መሣሪያ አንሥቶ ከክፉ ጠላቱ፣ እሱ «ሙስኮቫዊ-አይሁዳዊ» ብሎ ከጠራው ቦልሼቪዝም ጋር የሚዋጋበት ለረጅም ጊዜ የተጠበቀው ሰዓት መድረሱን አበሠረ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 80,000 ያህል ሰዎች ተመዘገቡ፤ ለአገልግሎት የተወሰዱት ግን ከዚያ በጣም ያነሱ ነበሩ። የተመዘገቡትን ሁሉ የናዚ እምነት አራማጅ አድርጎ መቁጠር አይቻልም። አንዳንዱ ወደ ጀርመን የጉልበት ሥራ ላለመጋዝ፣ አንዳንዱ ወደፊት ለሚቋቋም የዩክሬን ጦር ሥልጠና ለማግኘት፣ አንዳንዱ ሶቪየቶች ተመልሰው እንዳይመጡ ብሎ ነው የገባው። መሐላው ግን ለአዶልፍ ሂትለር ነበር። በሜይ 1944 የኤስ ኤስ የበላይ አዛዥ ሃይንሪሽ ሂምለር በኖይሃመር የሥልጠና ሥፍራ ለዲቪዚዮኑ መኮንኖች ሲናገር አገራቸው ከአይሁዶች ከጸዳች ወዲህ መዋቧን እንደ ውለታ ቆጥሮ ነገራቸው።

በጁላይ 1944 በብሮዲ ጦርነት ዲቪዚዮኑ በቀይ ጦር ተከብቦ አብዛኛው አለቀ ወይም ተማረከ። ከዚያ በፊት በፌብሩዋሪ 1944 ከተመዘገቡት ፈቃደኞች የተውጣጣ የኤስ ኤስ ፖሊስ ሬጅመንት የፖላንዳውያን መንደር የነበረችውን ሁታ ፔንያትስካን አቃጥሎ ብዙ መቶ ነዋሪዎችን መፍጀቱን የፖላንድ ብሔራዊ ትውስታ ተቋም ምርመራ አረጋግጧል። ኩቢዮቪች በዚያ ቦታ አልነበረም፤ ትእዛዝም አልሰጠም። ወጣቶቹ ወደዚያ እንዲገቡ የጠራው ድምፅ ግን የእሱ ነበር።

በጦርነቱ ማብቂያ ላይ፣ በማርች 1945፣ ጀርመን የዩክሬን ብሔራዊ ኮሚቴን በጄኔራል ፓቭሎ ሻንድሩክ ሰብሳቢነት እውቅና ሰጠች፤ ኩቢዮቪች ምክትሉ ሆነ። የዲቪዚዮኑ ስምም ተለውጦ የዩክሬን ብሔራዊ ጦር አንደኛ ዲቪዚዮን ተባለ። የስም ለውጡ የመጣው ጦርነቱ ሊያበቃ ሳምንታት ሲቀሩት መሆኑን ልብ ይሏል።

በዚያ ዘመን ሌላ ምርጫ ነበረው ወይ?

ብዙ ጊዜ የሚነሣው መከላከያ በወረራ ሥር ያለ ሰው ምርጫ የለውም የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት ከዚያው ከተማ፣ ከዚያው ማኅበረሰብ አንድ ሰው መጥቀስ ይበቃል። የልቪቩ የግሪክ ካቶሊክ ሜትሮፖሊታን (ሊቀ ጳጳስ) አንድሬይ ሼፕቲትስኪ በ1941 ጀርመኖችን በደስታ ተቀብሎ ነበር፤ ለዲቪዚዮኑም ካህናት መድቧል። ሆኖም ግድያውን ባየ ጊዜ ለሂምለር የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ፣ በኖቬምበር 1942 «አትግደል» የሚል ሐዋርያዊ መልእክት አስነበበ፣ በገዳማቱና በመኖሪያውም ከመቶ በላይ አይሁዶችን ሸሸገ። ሼፕቲትስኪ ንጹሕ ምሳሌ አይደለም። ነገር ግን ከወራሪው ጋር እየተነጋገሩም ቢሆን የአይሁዶችን ንብረት አለመጠየቅ ይቻል እንደነበር፣ እነርሱን ለማዳንም መሞከር ይቻል እንደነበር ያሳያል።

ባንዳ ነበር ማለት ይቻላል?

የአማርኛ አንባቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጠላት ካደሩት ጋር ማነጻጸሩ አይቀርም። በአንድ በኩል ሁኔታው ይለያል፤ ኩቢዮቪች የከዳው የራሱ የሚለው መንግሥት አልነበረውም፣ ዜጋ የነበረባት ፖላንድ ዩኒቨርሲቲውን ዘግታበታለች፣ ሶቪየት ኅብረትንም ለአንድ ቀን አላገለገለም። ስለዚህ ክርክሩን በአገር ክህደት ላይ መመሥረት ብዙ አያራምድም። ይልቅስ ለጎረቤቶቹ፣ ማለትም ለአይሁዶችና ለፖላንዳውያን፣ ምን አደረገ ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ በዚያ ሚዛን ሲታይ ሰነዶቹ በደግ አይመሰክሩለትም።

ከጦርነቱ በኋላ ለፍርድ ቀርቧል?

አልቀረበም። ሃንስ ፍራንክ በ1946 በኑረምበርግ ተሰቀለ፤ ቬክተር ሮም ውስጥ ተደብቆ በ1949 ሞተ። የዲቪዚዮኑ ቀሪ ወታደሮች በኦስትሪያ ለእንግሊዞች እጃቸውን ሰጡ፤ ከጦርነቱ በፊት የፖላንድ ዜጎች ስለነበሩ ለሶቪየቶች አልተመለሱም፣ በጣሊያን ሪሚኒ ካምፕ ከቆዩ በኋላ በ1947 8,000 ያህሉ ወደ ብሪታንያ ተወሰዱ፤ ከፊሎቹም ወደ ካናዳና ወደ ሌሎች አገሮች ዘለቁ። ኩቢዮቪች ወደ ምዕራብ ጀርመን ከሸሹት ምሁራን ጋር ሆኖ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጥናት ተመለሰ። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲጀመር የምዕራብ መንግሥታት ፀረ ሶቪየት የሆኑ ስደተኞችን ያለፈ ታሪክ ለመፈተሽ ጉጉት አልነበራቸውም።

በስደት ምን ሠራ?

ሶቪየቶች በ1940 ልቪቭ ውስጥ የዘጉት የሼቭቼንኮ ሳይንሳዊ ማኅበር በ1947 በሙኒክ እንደገና ሲቋቋም ኩቢዮቪች ዋና ጸሐፊው ሆነ። በ1951 ከፓሪስ አጠገብ ወዳለችው ሳርሴል ተዛወረ፤ በቀጣዩ ዓመት የማኅበሩን የአውሮፓ ክፍል ፕሬዚዳንትነት ያዘ፣ እስኪሞትም አልለቀቀውም። ከሳርሴል ሆኖ በዓለም የተበተኑትን ዩክሬናውያን ምሁራን በደብዳቤ እያስተባበረ ኢንሳይክሎፔዲያውን አወጣ። በርእስ የተከፋፈለው የመጀመሪያው ክፍል ከ1949 እስከ 1952፣ በፊደል ተራ የተዘጋጀው 10 ቅጽ ደግሞ ከ1955 እስከ 1984 ታተመ። በእንግሊዝኛ አጠር ያለ ሁለት ቅጽ በ1963 እና በ1971 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ወጣ፤ ከ1984 ጀምሮም በካናዳ የዩክሬን ጥናት ተቋም ትብብር 5 ቅጽ የሆነው የእንግሊዝኛ ኢንሳይክሎፔዲያ መታተም ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች ያዘጋጀው እሱ ሲሆን ቀሪዎቹን ዳኒሎ ሁሳር ስትሩክ እስከ 1993 አጠናቀቀ።

መንግሥት የሌለው፣ ቤተ መዛግብቱ በብረት መጋረጃ ጀርባ የተዘጋበት ስደተኛ ማኅበረሰብ ይህን ያህል ሥራ መሥራቱ ያስደንቃል። የሶቪየት ዩክሬን ባለሥልጣናት ከ1959 እስከ 1965 የራሳቸውን 17 ቅጽ ኢንሳይክሎፔዲያ ለማውጣት ከተነሡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የሳርሴል ሥራ ነበር።

ታዲያ ኢንሳይክሎፔዲያው ይታመናል?

ስለ ወንዞች፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ በሶቪየት ዘመን ስማቸው ስለ ተፋቀ ጸሐፍትና ምሁራን የያዘው መረጃ ዛሬም ይጠቅማል። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚናገረውን ክፍል ግን አንባቢ ሌላ መጽሐፍ አጠገቡ አድርጎ ሊያነብ ይገባዋል፤ ዋናው አዘጋጅ የሚገለጹት ድርጅቶች ሰብሳቢ ነበር፣ ከጸሐፊዎቹም መካከል በእነዚያው ድርጅቶች ያገለገሉ ነበሩ። ኩቢዮቪች በማስታወሻ መጻሕፍቱም ኮሚቴውን ያቀረበው በአስቸጋሪ ዘመን ሕዝቡን ለማቆየት የተደረገ የእርዳታ ሥራ አድርጎ ነው። በ1983 ያሳተመው በ1939 የነበረውን የጋሊሲያ የብሔረሰቦች አሰፋፈር የሚያሳየው ጥናት እያንዳንዱን መንደር ይቆጥራል፤ ጠንካራ የቁጥር ሥራ ነው፣ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ያሉት አይሁዶችና አብዛኞቹ ፖላንዳውያን በታተመበት ዓመት በየመንደሮቹ አልነበሩም፤ የጠፉበትን መንገድ ለማወቅ ግን አንባቢው ከአዘጋጁ ሌላ ሰው መጠየቅ ነበረበት።

ክሱ የሶቪየት ፕሮፓጋንዳ ነው የሚሉስ?

ሶቪየት ኅብረት ስደተኛ ብሔርተኞችን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከታ ትወነጅል ነበር፤ ሐሰተኛና የተጋነነ ክስም ታሰራጭ ነበር። ዛሬም የሩሲያ መንግሥት በዩክሬን ላይ ላካሄደው ወረራ ሰበብ አድርጎ ይህንኑ ታሪክ ያጣምመዋል። ከላይ የተጠቀሱት ደብዳቤዎችና ጥሪዎች ግን ከሞስኮ የመጡ አይደሉም። ከጀርመን አስተዳደር መዛግብት፣ ከዘመኑ የዩክሬንኛ ጋዜጦችና ከኩቢዮቪች ከራሱ ብዕር የተገኙ ናቸው፤ ጉዳዩን በጥልቀት ካጠኑት አንዱም ዩክሬናዊ ዝርያ ያለው ካናዳዊው የታሪክ ምሁር ጆን-ፖል ሂምካ ነው።

ስሙ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል?

ዩክሬን ነጻ ከወጣች በኋላ ኢንሳይክሎፔዲያው ከ1993 ጀምሮ በልቪቭ እንደገና ታተመ፤ በአገሩም በዋናነት የሚታወቀው በሳይንቲስትነቱ ነው። በካናዳ ደግሞ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ አካል በሆነው የካናዳ የዩክሬን ጥናት ተቋም ውስጥ በእሱና በባለቤቱ ስም የተሰየመ የመታሰቢያ ፈንድ አለ። በሴፕቴምበር 2023 የጋሊሲያ ዲቪዚዮን የቀድሞ ወታደር የነበረው የ98 ዓመቱ ያሮስላቭ ሁንካ በካናዳ ፓርላማ እንደ ጀግና ተጨብጭቦለት ጉዳዩ ሲታወቅ አፈ ጉባኤው አንቶኒ ሮታ ከሥልጣን ለቀቀ፤ ዩኒቨርሲቲውም በሁንካ ስም የተሰጠውን 30,000 ዶላር ለለጋሾቹ መለሰ፣ ሌሎች ስያሜዎችንም እንደሚመረምር አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ ዲቪዚዮኑ እንዲቋቋም ጥሪ ያስተላለፈው ሰው ስምም በዚሁ ክርክር ውስጥ ይነሣል። አንድ ተራ ወታደር ከተጠየቀ፣ ወጣቱን ወደ ምልመላ ጣቢያ የጠራው ፕሮፌሰር የሚታለፍበት ምክንያት የለም።